ወደ ግራ ያጋደለ ድምፅ

ማኅደረማርያም ወልደኪዳን ዕቃ አትቀየምም። አልናገር ያለ ሬዲዮ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለ ቴሌቪዥን፣ ቅዳሴ መሀል የሚያፏጭ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይምጣላት፤ ትከፍተዋለች፣ ከሥሩ ትመረምረዋለች፣ አንድ ቀን ካልበቃት ሁለት ቀን ትታገሳለች እንጂ ጥፋቱን ሳታገኝ አትፈርድበትም። ሰው ላይ ስትደርስ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት የት እንደሚገባ እንጃ! ሰው ከተቀየመች ተቀየመች ነው። ምን ሆነህ ነው ብሎ ጥያቄ የለም፣ ምላሽ መስማትም የለም። አንኮበር ያሉ ዘመዶቿ ይህን አመል ከአባቷ ነው የወሰደችው እያሉ ይስቁባታል። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ጋሽ ቴዎፍሎስ ወደ ጥገና ሱቋ የገባው የደብረ ብርሃንን ነፋስ አስከትሎ ነው። የባንድ መሪ ነው፤ በከተማው እሱ ሳይጫወትለት የተዳረ ሰው ጥቂት ነው። በእጁ የያዘውን ጥቁር ቦርሳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ዐይኑን ወደ ግድግዳው አሸሸ። ማኅደር ቦርሳውን አየችው። የዚፑ ዳር በቀይ ክር ተሰፍቷል። ያን ክር የሰፋችው ራሷ ናት።

“የሱ ነው፣” አለች።

“የሱ ነው። ምን ላድርግ ማኅደርዬ፣ ከአንቺ ሌላ ይህን ዕቃ የሚያውቅ አላገኘሁም።”

ቦርሳው ውስጥ ያለው የጊታር ኢፌክት ማሽን ነው፤ ጊታሪስቱ እግሩ ሥር አስቀምጦ እየረገጠ ድምፁን የሚለዋውጥበት። የግራና የቀኝ መውጫ አለው፣ ሁለቱ ለሁለት ስፒከር እኩል መስጠት አለባቸው። አሁን ግን እኩል አልሰጥ ብሏል።

“ግራው ይጮኻል፣ ቀኙ ያንሾካሹካል፣” አለ ጋሽ ቴዎፍሎስ። “ባለፈው ሰርግ በግራ በኩል የተቀመጡት ዘመዶች ጆሯችን ተበጠሰ ብለው ወንበር ለቀቁ። የቀኞቹ ደግሞ ጊታር የለም እንዴ ይሉኛል። እሱን ስጠይቀው፣ ‘ኧረ እኩል ነው ጋሼ’ ብሎ ይምልልኛል። ከኋላው የማይባል ነገር የለም፤ መጠጥ ጀምሯል የሚሉም አሉ። መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።”

“ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?”

“ማሽኑ ከሆነ ሥሪው። ማሽኑ ደኅና ነው ካልሽኝ ግን ጊታሪስቴን ባየውን አሰናብታለሁ። ከአረርቲ የመጣ ጊታሪስት ደጄን እየጠና ነው።” በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። “ነገ ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። እኔ ለሰርግ ውል እወርዳለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

ማኅደር ሰርግ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት በአውራ ጣቷ አዞረችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሷም ትዳራለች፤ የምትዳረው ግን ለባየው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባየው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ከአንኮበር ቁልቁል ባለው ቀበሌ ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ያሳደጉት፣ ቀን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ቆሞ የሚውል፣ ከሥራ ሲወጣ ጊታር የሚይዝ ሰው ነበር። ማኅደር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ዕቃ ስትጠግን የተበጠሰ ኬብል ይዞ መጣ፣ በሳምንቱ ሌላ ኬብል ይዞ መጣ፣ በሦስተኛው ሳምንት ያመጣው ኬብል ጤነኛ ነበር። እሷም ጤነኛ መሆኑን ሳትነግረው ግማሽ ሰዓት ስትመረምረው ቆየች።

የማኅደር አባት አቶ ወልደኪዳን አንኮበር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የዘር ሐረጋቸውን እስከ አንኮበር ግቢ ድረስ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ልጃቸው የወደደችው የቀጥቃጭ ልጅ ነው ሲባሉ አንድ ዓመት ሙሉ፣ “ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይነሣ” ብለው ኖሩ። ከዚያ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ በአንድ ጠዋት ምን እንደተገለጠላቸው እንጃ፣ ልጃቸውን ጠርተው፣ “በእጁ ሠርቶ የበላ ሰው ነውረኛ አይደለም። እኔ ነኝ የዘገየሁት። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ሽማግሌ ይላክ፤ እቀበላለሁ” አሏት።

ማኅደር ይህን ለባየው የነገረችው ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ነው። የባየው ባንድ ደብረ ሲና ለሰርግ ሲወርድ አብራ ሄደች። አውቶብሱ ሞልቶ ስለነበር ከባየው በስተግራ ተቀመጠች። በብርሃን ለመናገር አፈረች። አውቶብሱ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ሲጨልም አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ ሁሉንም ነገረችው፤ ቀኑን፣ የአባቷን ቃል፣ የሷንም ደስታ። ከዋሻው ሲወጡ ባየው ፈገግ ብሎ ያያት ነበር። ጭንቅላቱን ነቀነቀላት፣ እጇንም ጨበጠው። ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ቃል ትጠብቃለች?

የኪዳነ ምሕረት ማግስት አቶ ወልደኪዳን ግቢውን ራሳቸው ጠረጉ። የነፍስ አባታቸውንና ሁለት ጎረቤት ጠርተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በሩን ከፍተው ተቀመጡ። ጠላው ሳይቀዳ ዋለ። ቀትር ሆነ፣ ጎረቤቶቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አባቷ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና፣ “በሩን ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ገባ” አሏት።

በማግስቱ የስልክ ቁጥሯን ለወጠች። ባየው ሦስት ጊዜ በጋሽ ቴዎፍሎስ እጅ ደብዳቤ ላከላት፤ ሦስቱንም ሳትከፍት በመጡበት እጅ መለሰቻቸው። ኋላ ኤርሚያስ መጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ደብረ ብርሃን የከተመ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ደግ ሰው። ሽማግሌዎቹም በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት ደረሱ። አቶ ወልደኪዳን ቃላቸውን ሰጡ።

ማኅደር ቦርሳውን ከፈተች። መጀመሪያ የምታደርገውን ታውቃለች፤ የግራውን ኬብል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ለወጠች። ጥፋቱ የኬብል ቢሆን ኬብሉን ተከትሎ ይዞር ነበር። አልዞረም፤ የሚጮኸው የግራው መውጫ ነው። መሰኪያዎቹን በአልኮል ጠረገች፤ ለውጥ የለም። የብየዳ ካውያዋን አሙቃ ማሽኑን ልትፈታው ስትል ግን ዕውቀቷ ያዛት። ከፋብሪካው ተጭኖ የመጣውን አንድ ቶን፣ አስቀድሞ የተቀናበረ የድምፅ ዓይነት፣ ከፈተችና ከስልኳ ወጥ ድምፅ አስገብታ በኤሌክትሪክ መለኪያዋ፣ በቴስተር፣ ለካችው። ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ሌላ ከፈተች፤ እኩል። ሌላም፤ እኩል።

ወደ ባየው ቶኖች ተሻገረች። ራሱ ያቀናበራቸው ሃያ ሦስት ናቸው። ሃያ ሦስቱም ወደ ግራ አጋድለዋል።

ማኅደር ካውያውን አጠፋችው። የተበላሸ ማሽን አይመርጥም፤ የፋብሪካውን ቶን ምሮ የባየውን ብቻ አያበላሽም። ይህን ያደረገ ሰው ነው፣ አንድ በአንድ፣ በእጁ፣ በሄድፎን እያዳመጠ። ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች። የመጀመሪያዎቹ ቶኖች ያጋደሉት በጥቂቱ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ልዩነቱ ሰፋ፣ የመጨረሻው ከሁሉም ባሰ። ወረቀቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ከመሳቢያዋ ጥጥ አወጣች፣ ጠቅልላ በግራ ጆሮዋ ወተፈችውና ሄድፎኑን አድርጋ የመጨረሻውን ቶን አዳመጠች።

ያጋደለው ድምፅ መሀል ላይ ቆመ። እኩል ሆነ!

“ኧረ እኩል ነው ጋሼ።”

ከጥጡ ጋር ሄድፎኑን አወለቀችው። ብዙ ነገር አንድ ላይ መጣባት። መንገድ ላይ ሁልጊዜ በቀኙ እንድትሆን ይገፋት ነበር፤ ከመኪና ሊከልላት ይመስላት ነበር። ጓደኞቿ፣ “ያ ኩሩ፣ ሰላም ስንለው ዝም ብሎ ያልፋል” ይሉት ነበር፤ እሷም ታኮርፋቸው ነበር። ሰው ሲያወራው ከንፈር ከንፈር ያያል። ሰባተኛውን ቶን ከፈተችው። በሷ ስም የሰየመው ነው፤ ለጥምቀት የሠራው፣ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዳቸው አሥር ቀን በፊት። እሱም ወደ ግራ አጋድሏል፤ ዋሻው ውስጥ በነገረችው ጊዜም ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር ማለት ነው።

ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይባላል። ስንቱን ሬዲዮ ከሥሩ የመረመረች ልጅ የገዛ ልቧን ነገር ሳታጣራ ዘግታው ነበር። ማኅደር ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ባየው ሲመጣ ቀድማ ያየችው አቋቋሙን ነው። በሩ ላይ እንደቆመ ቀኝ ትከሻውን ወደሷ አስቀድሞ፣ ፊቱን ጥቂት አዙሮ። ከስቷል። ጃኬቱ ያው የጥንቱ ነው።

“ጋሽ ቴዎፍሎስ ነው የላከኝ፤ ሳልፈልገው መጣብኝ እንዳትይ፣” አለ።

“ደኅና ነህ?”

“ደኅና ነኝ።”

ማኅደር ማሽኑን ከመደርደሪያው የምታወርድ መስላ በግራው በኩል ዞረች። ቢሰማኝስ ብላ ፈራች፤ ባይሰማኝስ ብላ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ፈራች። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ “ባየው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ላገባ ነው” አለች።

ባየው ከንፈሯ መንቀሳቀሱን በዐይኑ ጠርዝ አየና ወደሷ ዘወር አለ። ፈገግ አለ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ያ ፈገግታ ነው። ያ ንቅናቄ ነው። ከዋሻው ሲወጡ የሰጣት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸታም ብላ የረገመችው። ማኅደር ቀስ ብላ ዞራ በቀኙ ቆመች።

“ግራ ጆሮህ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማው?”

የባየው ፊት አመድ መሰለ። “ማን ነገረሽ?”

“ማሽንህ።”

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። “ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ የሚቆመው በግራዬ ነበር። አራት ዓመት ጮኸብኝ። መጀመሪያ ጆሮዬ ያፏጭ ጀመር፣ ከዚያ ድምፅ ሁሉ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ጊታር የሚጫወት ሰው ጆሮዬ አይሰማም ብሎ ለማን ይናገራል? ለአንቺ ደግሞ… የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔ ሳያንስ ደንቆሮም ነኝ ልበልሽ?”

“ስለዚህ ትነቀንቃለህ።”

“እነቀንቃለሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሰው ሲያዝን አዝናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካልኛል።” ቀና ብሎ አያት። “ማኅደር፣ ዋሻው ውስጥ ምን ነበር ያልሽኝ? ስትነግሪኝ እስትንፋስሽ ብቻ ነው የተሰማኝ። መልካም ነገር መሆኑን ከፊትሽ አውቄ ነቀነቅሁ። ሌላ ቀን ቀስ ብዬ እጠይቃታለሁ ብዬ ሳፍር ሳፍር ጠፋሽ። ሦስቱም ደብዳቤ ላይ የጻፍኩልሽ ይህንኑ አንድ ጥያቄ ነው።”

ማኅደር ሳትከፍት የመለሰቻቸው ፖስታዎች ክብደት አሁን እጇ ላይ ተሰማት። ልትደብቀው አሰበች። ባያውቀው ይሻለዋል አለች። ግን መደበቅ ምን እንዳደረጋቸው ፊቷ ቁጭ ብሏልና ነገረችው፤ ቀኑን፣ የተጠረገውን ግቢ፣ ሳይቀዳ የዋለውን ጠላ።

“አባትሽ… እኔን ጠበቁ?”

“ከጠዋት ጀምሮ። በሩን ከፍተው።”

ባየው በሁለት መዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ድምፁ ከጣቶቹ መሀል ተቆራርጦ ወጣ። “አባቴ ማረሻ ሊያደርስ ሲሄድ ከአጥር ውጭ ነበር የሚቆመው። ዕድሜውን ሙሉ። አንድ በር ተከፍቶልን ነበር፤ እሱንም እኔ ዘጋሁት።”

“አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። አባባ ብርድ ገባ ሲሉኝ በእጄ ነው የዘጋሁት።”

“ለምን አልደገምሽልኝም? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለምን ቀረህ ብትይኝ?”

“አንተስ ለምን አልሰማሁሽም አላልከኝም?”

ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ማኅደር በቀኙ እንደቆመች፣ “ቅድም በግራህ ሆኜ የነገርኩህ አለ፣ ልድገምልህ፣” አለችና ቀለበቷን አሳየችው። “ከሦስት ሳምንት በኋላ ላገባ ነው።”

ይህን ጊዜ አልነቀነቀም።

“ጥሩ ሰው ነው?”

“ጥሩ ሰው ነው።”

“አባትሽ ቃል ሰጥተዋል?”

“ሰጥተዋል።”

ማኅደር ጠበቀች። አንድ ቃል፣ ‘ተይው’ የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ቀለበቱንም ሱቁንም ጥላ ትከተለው ነበር፤ ይህን ልቧ ያውቃል። ባየው ግን ተነሣ።

“እንግዲያው እኚያን ሽማግሌ ሁለተኛ በራቸው ላይ አላስቀምጣቸውም፣” አለ። “በኔ ምክንያት አንዴ ተዋርደዋል።”

ለአባቷ ይህ ክብር ነው፤ ለሷ ግን በቁሟ መቀበር ነበር። ማሽኑን ሰጠችው። ሃያ ሁለቱን ቶኖች በቴስተር ለክታ እኩል እንዳደረገቻቸው፣ ከእንግዲህም በጆሮው ሳይሆን በቁጥር እንዲያቀናብር አሳየችው። ሰባተኛውን አልነካችውም። ለምን እንዳልነካችው አልጠየቃትም።

“ለጋሽ ቴዎፍሎስ ምን ልበለው?” አለችው። “ተበላሽቶ ነበር፣ ሠራሁት ማለት እችላለሁ።”

“አትዋሺልኝ። እኔው ራሴ ግራ ጆሮዬ አይሰማም እለዋለሁ። ካባረረኝ ያባርረኝ። ዝም ማለት የወሰደብኝ ይበቃኛል።”

እስከ በሩ ሸኘችው። ደጃፉ ላይ በልማዱ ቀኙን ሊሰጣት ፈቀቅ ሲል፣ ማኅደር ዞራ በግራው ቆመች። የምትለውን ነገር በቀኙ ልትለው አትችልም፤ የታጨች ሴት ናት። ሳትለው ደግሞ ልትለቀው አቃታት። በዋሻው ውስጥ በተናገረችበት ድምፅ፣ “ባየው፣ እኔ አሁንም የምወደው አንተን ነው፣” አለች።

ባየው ከንፈሯን አየ። ፈገግታው መጣ። ጭንቅላቱ መነቅነቅ ጀመረና ከመሀል ቆመ። ፊቱ ቀላ፤ እንደ ልጅ አፈረ። ግን ዐይኑን ከዐይኗ አልነቀለም።

“አልሰማሁሽም፣ ማኅደር። ድገሚልኝ።”

ሁለት ዓመት የዘገየው ቃል ይህ ነበር። ማኅደር አፏን ከፈተች። አንኮበር ላይ ነጭ ለብሰው፣ በሩን ከፍተው የተቀመጡት አባቷ በዐይኗ መጡ። ዞራ በቀኙ ቆመች።

“ነፋሱ በርትቷል፣ አንገትህን ሸፍን ነው ያልኩህ።”

“እሺ፣” አለ ባየው። ኮሌታውን ቀና አደረገና ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ወጣ።